ይጠብቃል

ቅጹ አራት ገጽ ነው፣ ክለቡ የላከው፣
ኪሴ ውስጥ ሰንብቶ የተጨማደደው።
ስም። ቁመት። ክብደት። የሚሰለፍበት።
«የዕድገት ተስፋ» ይላል ከታች በኩል ድንገት፣
ሦስት ባዶ ሳጥን፦
ዝቅተኛ። መካከለኛ። ከፍተኛ።
አንዱን አጥቁር ተብያለሁ፣ እኔ የሰው ዕድሜ ዳኛ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣
ከኮንዶሚኒየሙ ኋላ፣ ኮዬ ፈጬ፣
ነፋሱ የሲሚንቶ ከረጢት ሲያባርር፣
አየዋለሁ ልጁን፤ ሲቆም እንጂ ሲበርር
አይደለም የማየው።

ኦብሳ ይባላል። በእናቱ ቋንቋ ትዕግሥት ማለት ነው።
በወረቀት አሥራ ሰባት። ሁሉም አሥራ ሰባት ነው፤
እኔም በጊዜዬ አምስት ዓመት ሙሉ አሥራ ሰባት ነበርኩ።
የመሀል ተከላካይ። ግራ እግሩ ደካማ።
ሲነሣ ይዘገያል፣ እንደ ጫነ አይሱዙ፤
የመስመር አጥቂዎች ይስቁበታል፣ እስኪያዙ።

ግን ኳስ የት እንደምትነጥር ከኳሷ ቀድሞ ያውቃል።
«ማን አስተማረህ?» አልኩት አንድ ቀን፣ ጫማውን ሲፈታ።
እጁን ዘረጋ ወደ ማዕዘኑ፣ ወደ ቆሻሻው ቦታ፦
«እዚያ ጋ አባቴ ሽንብራ ይዘራ ነበር፤
እዚህ፣ ቅጣት ምቱ ጋ፣ የውኃ መውረጃ ነበር።
ኳስ ስትመጣ ወደዚህ ማጋደል ትወዳለች፤
መሬት ብትደለደልም ቦይዋን ታስታውሳለች።»

ይኼን ደግሞ የት ልጻፈው?
«ጨዋታ የማንበብ ችሎታ» አለ፣ ከአሥር የሚታሰብ ነው።
ዘጠኝ አልኩ። ሰረዝኩ። ስምንት።
እንደገና ዘጠኝ።

እኔም ዘጠኝ ነበርኩ፣ በሌላ ሰው እስክሪብቶ፣
«ከፍተኛ» የተባልኩ፣ ማኅተም ተመትቶ።
ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጉልበቴ ጧ አለ፤
ቅጹን የሚያርም ሰው እስከ ዛሬም የለ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከአቃቂ ልጆች ጋር
ስንጫወት፣ ሰማዩ በየረር በኩል ጠቆረ።
በረዶ ወረደ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል፤
ሜዳው ነጭ ሆነ። ዳኛው ፊሽካውን ረሳ።
ልጁ ሁሉ ጣራ ሥር ሮጠ፤ ሁለት ቀሩ፦
ኳስ የያዘው፣ እና ኦብሳ።

የአቃቂው ዘጠኝ ቁጥር ኳሷን እየገፋ
መጣ በነጩ ላይ፣ ሚዛኑ እየጠፋ።
ኦብሳ አልዘለለም፣ አልተወረወረም፤
ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ጎን፤
ሌላማ አልጨመረም።
ከመደርደሪያ ብርጭቆ እንደሚያወርድ ሰው
ኳሷን በዝግታ ከእግሩ ሥር ወሰዳት፤
በአንድ እጁ ደግሞ ልጁን ከመውደቅ አዳነው።
«ፊሽካ አልተነፋማ» አለኝ ኋላ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።
ቆርቆሮ ሥር ሳቅ ፈነዳ፣ አንዱም አፏጨ።

ያን ዕለት ማታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በስልኬ መብራት፣
«ጠንካራ ጎን» በሚለው ሥር ጻፍኩ፦ ይጠብቃል።
«ደካማ ጎን» በሚለውም፦ ይጠብቃል።
ሳጥኖቹን ባዶ ተውኳቸው።
አጥብቆም አላልቶም ያንብበው፣ ያነበበው።

መልሱ መስከረም ላይ በስልክ መጣ፣
ከአንድ ሥራ የበዛበት፣ ትሑት ድምፅ ያለው ሰው፦
«አይተነዋል፣ አሰልጣኝ። ለጊዜው ይጠብቅ።»

እንዴት እንደምነግረው ሳሰላስል ሜዳ ደረስኩ።
ለካ ቀድሞኝ ግሬደር መጥቷል፤
ማዕዘኑ ተቆፍሯል፣ ችካል ቀይ ተቀብቶ ቆሟል፤
ሽንብራው የነበረበት ላይ ሕንፃ ሊበቅል ነው።
ልጆቹ ጎሉን ነቅለው ተሸክመዋል።
ሃያ እርምጃ ወደ ትምህርት ቤቱ አሸሽተን ተከልነው።

ነገርኩት። «እሺ» አለ። ሌላ አልጠየቀኝም።
አዲሱ መሬት ላይ ቆሞ ኳሷን አነጠረ፣
አንዴ፣
ሁለቴ፣
ጆሮውን አዘንብሎ፣ የሚያዳምጥ መስሎ።
«ይኼኛው ደግሞ» አለኝ፣
«የማን ማሳ ነበር?»